አልዘጋም ያለው ኮምፒውተር

ጢሮስ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2022

ለተከበሩ ወንድማችን ለሚልሄም፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎና በቤትዎ ላይ ይሁን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባሕሩ ሰሞኑን ተቆጥቶ ጀልባዎቹ ከወደብ አልወጡም፤ ዓሣ ተወዷል። ከዚህ ሌላ የሚወራ አዲስ ነገር የለም። ባለቤቴ፣ የአክስትዎ ልጅ ነዚህ፣ ሰላም ይልዎታል።

ከስንት ጊዜ ዝምታ በኋላ የጻፍኩልዎ ለእርዳታ መሆኑ አሳፍሮኛል። ነገር ግን ከቤተሰባችን የኮምፒውተርን ጠባይ የሚያውቅ ከእርስዎ ሌላ የለንም። እዚህ ያሉት ጠጋኞች ገና ሲያዩት «እዚህ ተዉትና ሌላ ቀን ተመለሱ» ነው የሚሉት። እኛ ደግሞ ትተነው መሄድ አንችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑን ልዘጋው ስል «አፕዴት እያደረግሁ ነው፣ አታጥፉኝ» ይላል። ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወጣል። የሰፈራችን መብራት የሚመጣው ከሐጅ ሸውቂ ጄኔሬተር ነው፤ ሐጅ ደግሞ ከቀትር በኋላ ጄኔሬተሩን ያሳርፈዋል። እሱ ሲጠፋ ላፕቶፑም በመሃል ድርግም ይላል። መብራት ተመልሶ ስከፍተው «አልተሳካም፣ የጀመርኩትን እየመለስኩ ነው» ብሎ ብዙ ካስጠበቀን በኋላ ነው የሚከፈተው። በማግስቱ ልዘጋው ስል ያው አፕዴት እንደ አዲስ ይጀምራል። ከአዲሱ ዓመት ወዲህ በነጋ በጠባ ከዚሁ ጋር ነን።

ኮምፒውተሩ ለቤታችን በጣም ያስፈልገናል። መላ ካለዎት እንደዚሁ በኢሜይል ይጻፉልኝ። መስመሩ ጥሩ ስላልሆነ በስልክ ባይሆን ይሻላል።

እህትዎ ኢንሳፍ


አቢጃን፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2022

ኢንሳፍ እህቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ አላህ ቤታችሁን ይጠብቅ። ደብዳቤሽን ሱቄ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። መጀመሪያ በአንድ ነገር እንስማማ፤ «እርስዎ» አትበዪኝ። ሰርግሽ ላይ ጫማዬ እስኪቀደድ የጨፈርኩ ሰው ነኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አፕዴት ማለት ግድግዳ አፍርሶ እንደገና መገንባት ነው በዪው። ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ ግድግዳውን ማፍረስ አይችልም፤ ስለዚህ አንቺ ልትዘጊው ስትይ «ሰው ወጣልኝ» ብሎ ይጀምራል። በመሃል መብራት ሲጠፋ ግማሽ የፈረሰ ቤት ይዞ ይቀራል። ሲነቃ ደግሞ እንዳይወድቅበት የድሮውን ድንጋይ መልሶ ይደረድራል። ሥራውን ግን አልረሳውም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ ጥፋተኛው ኮምፒውተሩ ሳይሆን ሐጅ ሸውቂ ነው።

ባትሪው አይሠራም እንዴ? ላፕቶፕ እኮ የራሱ ባትሪ አለው። ዲስኩ ላይስ ስንት ቦታ ቀርቷል? ገብተሽ እዪና ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

ደግሞ የምን «በስልክ ባይሆን» ነው? መስመሩ እንደሆነ ከቤይሩት ጋር ጠዋትና ማታ ነው የማወራው። ነዚህ የት ሄዶ ነው ለዚህ ለዚህ አንቺ የምትጽፊው? ከጢሮስ ቤይሩት ድረስ ተሳፋሪውን አፉን ሳያስከፍት የሚነዳ ሰው፣ ለእኔ ሲሆን ዱዳ ሆነ? ድምፁን ከሰማሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዒድ ስደውል አንቺ ታነሺና «ተኝቷል» ትይኛለሽ። በዒድ ቀን ማን ይተኛል?

ይኸውልሽ፣ አልተቀየምኩም። ቅሬታ ካለው ግን ይንገረኝ።

ሚልሄም


ጢሮስ፣ ማርች 1 ቀን 2022

ወንድሜ ሚልሄም፣

አላህ ጤናህን ያብዛልህ፣ ሱቅህን ይባርክልህ። መልሱን ስላዘገየሁብህ ይቅር በለኝ፤ አንዳንድ ነገር በዝቶብን ነው።

ባትሪው ከሞተ ቆየ። ቻርጀሩ ሲነቀል ኮምፒውተሩም አብሮ ይጠፋል። የመንግሥት መብራት አንድ ቀን ጠዋት ስትመጣ፣ እንግዲህ ዛሬ ትቆይልን ይሆናል ብዬ ዘጋሁትና አፕዴቱን እንዲጨርስ ተውኩት። ዘጠና ደርሶ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቁጥሩን እንደ ወላድ ስጠብቅ መብራቷ ሄደች። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ አልከፈት አለ፤ ያን ቀን ቤቱ ጭር ብሎ ዋለ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ለመሞከር ድፍረት አጣሁ።

የዲስኩን ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ቀይ መስመር ይታያል፤ ቀይ መቼም ለደግ አይሆንም።

ኡም ገሳን የምትባለው ጎረቤታችን ጣሪያዋ ላይ ሶላር አስተክላለች። ከእሷ ገመድ ለመሳብ አስበን ነበር፤ በጋራዡ በኩል ቅርብ ነው፣ መኪናው ከተሸጠ ወዲህ ባዶ ስለሆነ። ነገር ግን ሰውን ማስቸገር ከበደን።

አሁን የምጠይቅህ ሌላ ነው። አፕዴት የሚባለውን ነገር ጭራሽ እንዳያደርግ መከልከል ይቻላል? እንዳለ ይቅርልን። አዲስ ነገር አንፈልግም፤ ያለው ብቻ እንዳይጠፋብን ነው።

ነዚህን አትቀየመው። እሱም አልተቀየመህም።

ኢንሳፍ


አቢጃን፣ ማርች 3 ቀን 2022

ኢንሳፍ፣

ሰላም ለቤታችሁ። ፎቶውን አየሁት። ዲስኩ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። እንግዲያው ሐጅ ሸውቂን በከንቱ አማሁት፤ መብራት ባይጠፋም ኖሮ አይጨርስም ነበር። የድሮውን ድንጋይ ወዴት ያውጣው? መከልከሉን ደግሞ አልመክርሽም፤ ለጥቂት ጊዜ ይተውና መልሶ ይመጣል።

ፎቶው ላይ ስሙ ቁጥር ብቻ የሆነ አንድ ትልቅ ፎልደር አለ። ግማሹን ቦታ የበላው እሱ ነው። የነዚህ ዘፈኖች መሆን አለባቸው፤ ያ ሰው ዕድሜውን ካሴት ሲያግበሰብስ ነው የኖረው። አጥፊው። ዘፈኑን በስልኩ ይስማ። ካጠፋሽው በኋላ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገብተሽ «ባዶ አድርግ» የሚለውን ተጫኚ፤ ያለዚያ ቦታው አይለቀቅም። ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ አትፍሪው፤ እሺ በዪው። በዚህ ካልተስተካከለ ሁሉንም ጠርገን ከባዶ እንጀምራለን፤ እሱ የመጨረሻው ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። መኪናው ተሸጠ አልሽ? ያ መርሴዲስ? ነዚህ ከመኪናው ይልቅ አንዱን ኩላሊቱን ይሸጣል ብዬ ነበር የማውቀው። ቸግሯችሁ ከሆነ ለእኔ ሳትነግሩ? ወይስ ሥራ ትቷል? እንዲህ ያለ ነገር ስለ ሶላር በሚያወራ ደብዳቤ መሃል ሹልክ ብሎ ሲወጣ ሰው ምን ይበል?

ለአክስቴ ቀብር ባለመምጣቴ ከሆነ፣ አውሮፕላን እንዳልነበረ ያውቃል። ካላወቀም ይጠይቀኝ። እኔና እሱ በአንድ ሰሐን የበላን ሰዎች ነን። ይህን ደብዳቤ ለእሱ አንብቢለት።

ሚልሄም


አቢጃን፣ ኤፕሪል 10 ቀን 2022

ኢንሳፍ እህቴ፣

ረመዳን ሙባረክ። አላህ ጾማችሁንና ጸሎታችሁን ይቀበላችሁ።

ደብዳቤ ከላክሁልሽ ከወር በላይ ሆነ፤ አልመለስሽልኝም። ያልኩሽን አደረግሽ? ኮምፒውተሩ ተነሳ? ካልተነሳ ንገሪኝ፣ አዲስ ልኬላችሁ ይገላግለን። እዚህ ሱቅ ውስጥ ሞልቶኛል፤ ክፍያ የሚባል ነገር እንዳታነሺ።

ወደ ነዚህ ስልክም ደወልኩ፣ ደጋግሜ። ይነሳል። የሚናገር የለም። ትንፋሽ ይሰማኛል፤ «ነዚህ? ኢንሳፍ?» እላለሁ፤ ትንፋሹ ይቀጥላል፤ መልስ ሳጣ እዘጋዋለሁ። ትናንት ከኢፍጣር በፊት ስደውልም እንደዚሁ ሆነ። ሌባ ስልኩን ሰርቆት ነው እንዳልል ሌባ እንዲህ ታግሦ አያዳምጥም።

ክፉ ነገር ካለ አትሸፍኚብኝ። ሩቅ ያለ ሰው ያልነገሩትን ራሱ እየፈጠረ ነው የሚያድረው።

ሚልሄም


ጢሮስ፣ ኤፕሪል 17 ቀን 2022

ወንድሜ ሚልሄም፣

አላህ ጾምህን ይቀበልልህ፣ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ።

ስልኩን አንስቶ የሚተነፍሰው ነዚህ ነው። መናገር አይችልም።

የጀመረው በምላሱ ነው። ቃሉ እየተጎተተ ይወጣ ጀመር፤ ተሳፋሪዎቹ «ዛሬ እንቅልፍ አልጠገብክም መሰለኝ» ይሉት ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም በዒድ ሊደውልልህ ሲል፣ ጋራዡ ውስጥ መኪናው ላይ ተቀምጦ ብቻውን የሚለውን ሲለማመድ ሰማሁት። ከዚያ ደወለ። አንተ ሳቅህና «በዒድ ምድር ጠጥተሃል እንዴ?» አልከው። እሱም አብሮህ ሳቀ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ሁለተኛ አልደውልም» አለኝ። ክፋት እንዳልነበረህ አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል። ግን ከዚያ ወዲህ ለማንም አልደወለም። ለአንተም እንዳልነግርህ አስማለኝ።

የቤይሩት ሐኪሞች የነርቭ በሽታ ነው አሉን። ከምላስ ይጀምርና ወደ እጅ ይወርዳል። መድኃኒቱ ያዘገየው እንደሆነ እንጂ አይመልሰውም። ድምፁ ጨርሶ ሳይሄድ ሉጀይን የምትባል የንግግር ባለሙያ ልጅ በጋውን ሙሉ አብራው ተቀምጣ ዓረፍተ ነገሮች አስቀዳችው። ኮምፒውተሩ ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱን ሲጫን በገዛ ድምፁ ይናገራል። መቼም ታውቀዋለህ። እሷ ቁም ነገር ቅዳ ስትለው እሱ የቀዳው «ይሄ ሻይ ነው ወይስ የብርጭቆ እጣቢ?» እና «ሬዲዮኑን ዝጉት፣ ይዋሻል» ነው። «አመሰግናለሁ»ን ለምናው ነው የቀዳው። ለብሼ ተጫምቼ ከቤት ለመውጣት ስዘገይበት «ቤይሩት! አንድ ሰው ቀረኝ!» የሚለውን ይጫንብኛል፤ መናኸሪያው ላይ የሚጮኸውን። ጎረቤት ሁሉ ይስቃል። አሁን እስክሪብቶ መያዝ አይችልም። የቀረችው የቀኝ እጁ አንዲት ጣት ናት፤ የስልክ ፊደል ደግሞ ለእሷ ይጠባታል።

አፕዴቱ በነጋ በጠባ ሲያንገላታን ለምን ያን ያህል እንደጨነቀኝ እንግዲህ ገባህ። ያ ነገር እየሠራና እየመለሰ በሚቆይበት ጊዜ ሁሉ ነዚህ ቤት ውስጥ የለም ማለት ነው።

እኔ ድምፁ የፕሮግራሙ አካል ይመስለኝ ነበር። ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ፎልደር የእሱ ጉሮሮ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ደብዳቤህ እንደደረሰኝ፣ ነዚህ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ያልከኝን አንድ በአንድ አደረግሁ። ኮምፒውተሩን ስነካ ስለሚጨነቅ አልነገርኩትም። ፎልደሩን አጠፋሁ። «ባዶ አድርግ» ላይ ስደርስ ማስጠንቀቂያው መጣ፤ ላንብበው ብዬ መነጽሬን ፍለጋ ተነሳሁ።

ስመለስ ነዚህ ተቀምጧል። ምሳ ፈልጎ ነው መሰለኝ ስሜን ተጫነ። ዝም አለ። እንደገና ተጫነ። ውሃ የሚለውን ተጫነ፣ ሻዩን ተጫነ፣ በየተራ ሁሉንም ተጫናቸው። እኔ መነጽሬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ መናገር የምችለው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም አንድ ቃል አልወጣኝም።

ከዚያ ጄኔሬተሩ ጠፋ።

ዕድሜዬን ሙሉ የረገምኩት ጄኔሬተር ያን ቀን ባይጠፋ፣ ደንግጬ የትኛውን እንደምጫን አላህ ነው የሚያውቀው። በማግስቱ መብራት መጣና ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ብዙ አስጠብቆን ተከፈተ። ነዚህ ምን እንዳደረግሁ ለማወቅ ደብዳቤዎችህን ከፍቶ አነበበ። ሁሉንም፤ ዘፈን ነው ያልከውንም፣ ዱዳ ሆነ ወይ ያልከውንም። ከዚያ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገብቶ በዚያች ጣቱ ድምፁን መልሶ አወጣ። እጄን ስዘረጋ በዓይኑ ከለከለኝ። መመለሱን ሲሞክር የወጣው «አንድ ሰው ቀረኝ» የሚለው ነበር። እኔ ኩሽና ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ እንድዘጋው አይፈቅድልኝም። እስኪጠፋ ድረስ እንደተከፈተ ይቆያል፤ ሐጅ ጄኔሬተሩን የሚያሳርፍበት ሰዓት ሲቃረብ ነዚህ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። አንተ ስትደውል አንስቶ ያዳምጥሃል። እኔን ግን ጻፊለት አላለኝም ነበር። ትናንት ነው «ንገሪው፤ ግን እንዳያለቅስብኝ» ብሎ የጻፈልኝ።

ነገርኩህ። አሁን ምን እናድርግ?

ኢንሳፍ


አቢጃን፣ ኤፕሪል 18 ቀን 2022

ኢንሳፍ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ነበር። ነገ ተመለስ ብዬው ሱቁን ዘጋሁ።

ያንን ቃል መናገሬን አላስታውስም። እሱ ሁለት ዓመት ተሸክሞታል፣ እኔ ግን በዚያው ዕለት ረስቼዋለሁ። ስለዚህ ሌላ ጊዜ፣ ፊት ለፊት እናወራለን። አላለቅስበትም በዪው።

አሁን አንድም ነገር እንዳትነኪ። አዲስ ፎልደር አትክፈቺ፣ ምንም አታጥፊ። ሁለት ፍላሽ ግዢ። ያንን ፎልደር ሁለቱም ላይ ገልብጪው፤ እንዴት እንደሆነ ከታች ጽፌልሻለሁ። ከዚያ ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ ድምፁ መሰማቱን በጆሮሽ አረጋግጪ። አንዱ ፍላሽ እናንተ ቤት፣ ሌላው ጎረቤት ቤት ይቀመጥ። ድምፁ ፍላሹ ላይ መኖሩን ነዚህ ራሱ ሳይሰማ ወደሚቀጥለው አንሄድም።

ቦታ የሚበላው ሉጀይን ሲቀዱ ያነሳችው ቪዲዮ ይሆናል። እሱንም አናጠፋም፤ ወደ ፍላሽ እናሸጋግረዋለን፣ ያኔ ዲስኩ ይተነፍሳል።

ሰው ማስቸገር ከበደን ያልሽውን ተይው። ከኡም ገሳን ሶላር ገመድ ሳቡ። ባትሪ በሰው እልካለሁ፤ ግን እሱን አንጠብቅም። ከዒድ በኋላ ባለው ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ፀሐይዋ ሙሉ ሳለች እናደርገዋለን። እኔ በስልክ አለሁ። እስኪጨርስ ድረስ መስመሩን አልዘጋም።

ነዚህ የማይመልስ ቢሆንም ስልኩ አጠገቡ ይሁን።

ሚልሄም


ጢሮስ፣ ሜይ 15 ቀን 2022

ወንድሜ ሚልሄም፣

አላህ አንደበትህን ይባርከው፤ ያን ዓርብ እንደ ወንዝ ሲፈስ ዋለ።

አንተ የሰማኸውን አልደግምልህም፤ ያላየኸውን ልንገርህ። የኡም ገሳን ገመድ በልብስ ማስጫው ላይ ተጠምጥሞ፣ በሁለት በረንዳ ተሻግሮ ነው የገባው። ነዚህ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሺኝ ብሎኝ ነበር። እንደ ሙሽራ ተላጭቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። አንደኛው ፍላሽ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ሌላው ከኡም ገሳን ወርቅ ጋር ተቆልፎበታል።

ዝጊው ስትለኝ መጀመሪያ ነዚህን አየሁት፣ ከዚያ ተጫንኩት። ቁጥሩ መውጣት ሲጀምር፣ ነዚህ ስክሪኑን ትቶ ወደ ስልኩ ዞረ። ማንኪያ በጣቱና በመዳፉ መሃል አስገባሁለት፤ አንድ ጊዜ ካንኳኳ አዎ፣ ሁለት ጊዜ ካንኳኳ አይደለም ተባባልን። ምሳ በልተሃል ወይ፣ አሁንም ኢንሳፍን ታስቸግራለህ ወይ እያልክ ስትጠይቀው እየሳቀ ነበር። ድምፅ የለውም እንጂ ትከሻው ይስቃል።

የድሮውን ታሪክ አንስተህ «ዘህራኒ መንገድ ላይ መኪናው ቆሞብን፣ እኔ እየገፋሁ አንተ መሪ ይዘህ ሲዶና ገባን» ስትል ማንኪያው እንዴት እንደተንጫጫ ሰምተሃል። ሁለት፣ ደግሞ ሁለት። አንተ እልኸኛ ሆነህ ታሪኩን ከመጀመሪያው ስትነግረው፣ እሱም በዚያው ቦታ ላይ ሲያንኳኳ፣ እኔ አፕዴቱን ረሳሁት።

ሠላሳ ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ሲል «አትንኪው» አልከኝ። ያኔ ነው «ተቀይመኸኛል ወይ?» ያልከው። ማንኪያው አየር ላይ ቆየ። ስልክ ላይ ረጅም ሳይመስልህ አይቀርም፤ እዚህም ረጅም ነበር። ከዚያ ሁለት ጊዜ አንኳኳ። ፊቱ ላይ ምን እንደነበር አልነግርህም፤ የእሱ ነው።

መቶ ደርሶ ጨለማ ሲሆን ሞተ ብዬ ነበር። ለሟች የሚቀራውን የቁርኣን ምዕራፍ ያሲንን መቅራት ጀመርኩ። ከዚያ በራ። የጀመርኩትን እየመለስኩ ነው አላለም። ነዚህ ፊት የሰላምታው ቃል ነበር፣ «አልሐምዱሊላህ»ም ነበር። ጣቱ ሁሉንም አልፎ፣ ሹፌር ሲያቋርጠው የሚለውን መረጠ፤ «መንገዱ የአባትህ ነው?»

ከዚያ አንተ ጠፋህ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሚልሄም?» አልኩ። ሲለፈልፍ የዋለ ሰው «አለሁ» ብቻ አለ። ቃልህን አላጠፍክም፤ አልቅሰህ እንደሆነም አልሰማንም።

ፀሐይዋ ከመውረዷ በፊት ነዚህ ዝጊው ብሎ በዓይኑ አመለከተኝ። ተጫንኩት። ወዲያው ተዘጋ፤ ምንም አልጻፈ፣ ምንም አልቆጠረ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የሁለታችንን ፊት አየን። ከዚያ እንድከፍተው አዘዘኝ፣ ከዚያ እንድዘጋው፣ ከዚያ እንደገና እንድከፍተው። በስተመጨረሻ አመነ።

እውነቱን ላልደብቅህ ቃል ገብቻለሁና ልንገርህ። ኮምፒውተሩ ዳነ፣ ጣቱ ግን እየደከመች ነው። ሉጀይን በእግር የሚረገጥ መጫኛ አለ ትላለች፤ ከእግር በኋላ ደግሞ በዓይን። ከዓይን በኋላ ያለውን አልጠየቅኋትም። ለዐረፋ እመጣለሁ ያልከውን ነዚህ ሰምቷል። አትቅር።

እህትህ ኢንሳፍ


ጢሮስ፣ ሜይ 29 ቀን 2022

ሚልሄም፣

ሰላምታውን ኢንሳፍ ጽፋ ትጨርሰዋለች፤ እኔ ጣቴን ልቆጥብ።

ያን ዓርብ ስትጮህ ዋልክ። የሄደው ምላሴ ነው፣ ጆሮዬ ደህና ነው። ኡም ገሳን በረንዳዋ ላይ ሆና ሰምታሃለች፤ ሰላም ብላሃለች።

ዘህራኒ ላይ መኪናውን የገፋሁት እኔ ነኝ።

ተቀይመኸኛል ወይ አልከኝ፤ ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ። የተስማማነው በአዎና በአይደለም ብቻ ነበር። ተቀይሜህ ነበር፣ ስልክ ባነሳሁ ቁጥርም እንዳትዘጋው እመኝ ነበር። ለዚህ የሚሆን ማንኳኳት አልነበረንም።

አሁን የምለምንህ ነገር አለ። ያኔ ስቀዳ ጤነኛ ነበርኩ፤ የጤነኛ ሰው ቃል ነው የቀዳሁት። ስድብና ቀልድ ሞልቶኛል። ዛሬ የሚያስፈልጉኝ የሉም። ሉጀይን በሌላ ሰው ድምፅ እናስቀዳ ስትለኝ እምቢ ብያት ነበር። ከዚያ ዓርብ ወዲህ አስቤበታለሁ። ልጆች ሳለን እናቴ ከጓሮ ስንጠራት የማን ድምፅ እንደሆነ አትለየውም ነበር። ስትመጣ አንተ ቅዳልኝ።

የምፈልጋቸው እነዚህ ናቸው። «አዙሩኝ።» «መስኮቱን ክፈቱት።» «ዛሬ ሰው አላይም።» «ኢንሳፍ፣ አንቺም ተኚ።» «ፈርቻለሁ።»

የመጨረሻውን አትጩህበት፣ አትቀልድበትም። ቀስ ብለህ በለው።

ጣቴ ደከመች። ኮምፒውተሩን ልዘጋው ነው።

ነዚህ